ከሀገር ገብስ የወጣው ዘረመል እና የደባርቅ - ዳባት ማሳ

በሰሜን ጎንደር ዞን ከዳባት ተነስቶ ደባርቅን አልፎ ወደ ጃናሞራና በየዳ ከፍታዎች በሚዘልቀው ደጋ ላይ ገብስ የቤት ሁሉ መሠረት ነው። እንጀራው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ጠላው ከእርሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ሲታለፍ ደግሞ ውርጩን ችሎ ለፍሬ የሚደርስ ሌላ እህል ብዙም የለም። ባለፉት ዓመታት ግን በዚሁ መሬት ላይ አዲስ ተፎካካሪ መጥቷል። የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ሥራ ከጀመረና የቢራ ገብስ ገበያ ከሰፋ ወዲህ በኩታ ገጠም የሚዘራው አንድ ዓይነት የብቅል ገብስ ነው። ገቢው የሚታይ በመሆኑ አርሶ አደሩ ወደዚያ ቢያዘነብል የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ሆኖም ነጭ ገብሱ፣ ጥቁር ገብሱና ሰነፍ ቆሎው ከማሳ ሲወጡ አብሮ ምን እንደሚወጣ የወረዳ ኃላፊዎችም ሆኑ አርሶ አደሮች ሊያውቁት ይገባል። ይህን ለመረዳት በውጭ ሀገር ቤተ ሙከራዎች ውስጥ በኢትዮጵያ ገብስ ላይ የተሠራውን ማየት ይጠቅማል።

በአውሮፓ ገብስን ክፉኛ ከሚጎዱ በሽታዎች አንዱ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስል የሻጋታ በሽታ ነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች ለዘመናት ይህን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ባወጡ ቁጥር ሻጋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱን ለውጦ ያሸንፋቸው ነበር። መፍትሔ የሆነው ከኢትዮጵያ የሄደ ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 የጀርመን አሳሾች ከሀገራችን ሰብስበው ከወሰዷቸው የአርሶ አደር ዝርያዎች መካከል ሻጋታው ፈጽሞ የማይዘው ተገኘ። ይህን ባሕርይ የሚሸከመው ዘረመል በሳይንሱ ዓለም «ኤም.ኤል.ኦ. 11» ይባላል። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአውሮፓ በጸደይ በሚዘሩ በርካታ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ በማዳቀል እንዲገባ ተደርጓል። አራት አሥርት ዓመታት አልፈውም ሻጋታው አላሸነፈውም። በዕፅዋት በሽታ ታሪክ እንዲህ የቆየ መከላከያ እጅግ ጥቂት ነው።

እንዴት ቆየ ለሚለው መልሱን የሰጠው የሞለኪውላር ጀነቲክስ ምርምር ነው። በእያንዳንዱ የገብስ ሕዋስ ውስጥ የተክሉን ባሕርይ ሁሉ የያዘ ረጅም መመሪያ አለ፤ ርዝመቱ አምስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ይሆናል፤ የሰው ልጅ ሦስት ቢሊዮን ነው። ዘረመል ማለት ከዚህ መመሪያ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል ነጥለው ሲያገኙት ያልጠበቁት ነገር ታየ። በሽታን የሚከላከል ጦር አይደለም። እንዲያውም ሻጋታው ወደ ቅጠሉ ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበት በር ነው። በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ ይህ በር ተዘግቷል። በ2004 በወጣው ጥናት ምክንያቱም ታወቀ፤ ከዘረመሉ ፊት ያለው የመመሪያው ክፍል እየተደጋገመ ተገልብጦ በመደርደሩ ዘረመሉ በአግባቡ ሳይነበብ ይቀራል። ዘረመሉ ጦር ቢሆን ኖሮ ሻጋታው ተለውጦ ያመልጠው ነበር፤ የተዘጋ በርን ግን ራሱን በመለወጥ ሊከፍተው አልቻለም።

ተመሳሳይ ውጤት ያለው ለውጥ ጀርመኖች በ1942 በራጅ ጨረር በቤተ ሙከራ ፈጥረው ነበር። የእኛው ግን ጨረር አልነካውም። በአርሶ አደር ማሳ ላይ ተፈጥሮ፣ ከዓመት ዓመት ዘር እየመረጡ በሚያስቀምጡ ሰዎች እጅ የኖረ ነው። ነገሩ ያለ ዋጋም አልነበረም፤ በሩ የተዘጋበት ገብስ ቅጠሉ ላይ ትናንሽ የደረቁ ነጠብጣቦች ስለሚያወጣ ምርቱ በመጠኑ ይቀንስ ነበር። ይህን ለማረም አዳቃዮች ብዙ ዓመት ፈጅተዋል።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ መመለስ አለበት፤ በየስብሰባው የሚነሳ ነውና። ይህ ልውጥ ሕያው ነው ወይ? አይደለም። አባትና እናት ገብስን በአበባው አዳቅሎ የተፈለገውን ባሕርይ የያዘውን ልጅ መምረጥ ነው። የሞለኪውል ሳይንሱ የሚያግዘው ምርጫውን ነው። ችግኙ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ከቅጠሉ ጥቂት ተቆርጦ ይመረመርና ዘረመሉ እንዳለበት በቀናት ውስጥ ይታወቃል፤ በሽታው እስኪመጣ አንድ ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም። የዘረመል አርትዖት የሚባለው ሌላ ዘዴ ነው። ቻይናውያን ተመራማሪዎች በ2014 ያንኑ በር በስንዴ ላይ በዚህ ዘዴ ዘግተው አሳይተዋል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተማሩት ለሌላ እህል መዋሉን ልብ ይሏል።

የሻጋታው ታሪክ ብቸኛው አይደለም። ክሽክሽ የሚያስተላልፈውን፣ ቅጠል ቢጫ እያደረገ ገብስን የሚያቀጭጨውን ቫይረስ ለመቋቋም የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የገብስ ናሙናዎችን ፈትነው ነበር። ችለው ከተገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኢትዮጵያ ነበሩ። ስዊድኖች ደግሞ በ1970 ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከፍ ያለበትን ገብስ ይፋ ሲያደርጉ መነሻው ያው የእኛ ናሙና ነበር። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ከአዲስ አበባ ጎንደርን አቋርጦ እስከ አክሱምና አስመራ ሲጓዝ ያየው የእህል ብዝኃነት ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ እንዲጽፍ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን የሰማ አርሶ አደር «ታዲያ ለእኛ ምን ተከፈለን?» ማለቱ አይቀርም። የተከፈለ ነገር የለም። ዘሩ በተወሰደበት ዘመን ሀገራት በብዝኃ ሕይወታቸው ላይ ባለመብት መሆናቸውን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ገና አልተፈረመም፤ የተፈረመው በ1992 ነው። ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ገብስ ደግሞ ኢትዮጵያ ባጸደቀችው የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ስምምነት ውስጥ ሀገራት ለምርምር በጋራ እንዲጠቀሙባቸው ከተዘረዘሩት ሰብሎች አንዱ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የ1930ዎቹን ዕዳ ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው። ጤፍ ግን ከዚያ ዝርዝር ውጭ ነው፤ ያም ሆኖ በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጤፍ ስምምነት ኩባንያው ከስሮ ቀርቷል፤ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንቱም በሄግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2018 መጨረሻ ነው። የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ገንዘብ ወደ ቀበሌ እንደማያመጣ ከዚህ መማር ይቻላል።

ሕጉ ዛሬ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው የጀነቲክ ሀብት ለመውሰድ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከሚባለው ተቋም ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የማኅበረሰብ ዕውቀት ከሆነም የማኅበረሰቡ ስምምነት በቅድሚያ ያስፈልጋል። ከጀነቲክ ሀብቱ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንዲሆንም ይደነግጋል። ሆኖም ናሙናው የተወሰደው ከየት ቀበሌ፣ ከማን እጅ እንደሆነ ያልተጻፈ ከሆነ ግማሹን ለማን መስጠት ይቻላል? አዋጁን የሚያስፈጽመው ማኅተሙ ያለበት አዲስ አበባ ቢሆንም መረጃው የሚሞላው እዚህ ነው። ለዘር ሰብሳቢ ደብዳቤ የሚጽፍ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የናሙናውን ዝርዝር ቅጂ ፋይሉ ውስጥ የማስቀረት ልምድ ሊኖረው ይገባል። ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ዋናው አደጋ ግን ሌባ አይደለም፤ ዝም ብሎ መጥፋት ነው። የሀገር ገብስ አንድ ዓይነት ዘር አይደለም፤ በአንድ ማሳ ላይ ቶሎ የሚደርሰው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው፣ ውርጭ የሚችለው ተደባልቀው የሚበቅሉበት ስብጥር ነው። ዝናብ ቶሎ ቢቋረጥ አንደኛው፣ ውርጭ ቢመጣ ሌላኛው ይተርፋል። የአውሮፓ ተመራማሪ ሲፈልግ ያገኘው ብርቅ ዘረመል የኖረው በዚህ ስብጥር ውስጥ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት ወረዳ ድረስ ሲዘልቅ ዘሩን በልቶ ወይም ጥሎ የተፈናቀለ ቤተሰብ ሲመለስ የሚዘራው ከገበያ የገዛውን ነው። የግጭ ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ አካባቢ ሲሰፍሩም ከፍታውን የለመደው ገብስ የሚዘራበት ማሳ አብሮ ቀርቷል። ፓርኩ ከዚህ ተጠቅሟል፤ የዘሩን ጉዳይ ግን ማን እንዳሰበበት ጠይቆ ማየት ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው የዘር ባንክ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ከተቋቋመ ወዲህ ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎችን አከማችቷል፤ የቀድሞው ዳይሬክተር ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራም ይኸው ነው። እርሳቸው አጥብቀው ይሟገቱለት የነበረው ግን በማቀዝቀዣ ያለው ዘር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። በማቀዝቀዣ የተኛ ዘር ከአዲስ በሽታና ከተለወጠ ዝናብ ጋር አይተዋወቅም። በማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ይፈተናል።

የአርሶ አደሩ ዓይን ለዚህ ሳይንስ ምን ያህል እንደሚጠቅም በክልላችን የታየ ምሳሌ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ገረገራ እና በትግራይ ሐገረ ሰላም 60 ወንድና ሴት አርሶ አደሮች በአብዛኛው ከዘር ባንኩ የወጡ 400 የስንዴ ዓይነቶችን በማሳ ላይ እያዩ ነጥብ ሰጡ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጡት ጥናቶች ተመራማሪዎች ነጥቡን ከእያንዳንዱ ስንዴ የዘረመል ንባብ ጋር ሲያስተያዩት የአርሶ አደሩ ምርጫ በዘረመሉ ላይ የሚታይ፣ ሊለካ የሚችል ሆኖ አገኙት። «ይህ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ለአዳቃዩ መረጃ ሆነ ማለት ነው። ሥራው የስንዴ ነው፤ በዳባትና በደባርቅ የሙከራ ቦታ ያለው የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ተመሳሳዩን በገብስ ለመሥራት ቦታውም አርሶ አደሩም ቅርቡ ነው፤ የዘረመል ንባቡን የሚያግዝ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከልም ሆለታ ላይ አለ።

የብቅል ገብሱን ማቆም አያስፈልግም። የቢራ ፋብሪካ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ እኩል የሚበቅል ፍሬ ይፈልጋል፤ ስብጥር ያለው የሀገር ገብስ ይህን አያሟላም። ግን ኩታ ገጠሙ ሲታቀድ በየቀበሌው ጥቂት ጥማድ ለሀገር ዘር ማስቀረት፣ ያንንም በሪፖርት ላይ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሥራ መቁጠር ይቻላል። አሁን ባለው የሪፖርት ቅጽ «በተሻሻለ ዘር ያልተሸፈነ» ተብሎ የሚጻፈው መሬት ብዙ ጊዜ ይኸው የዘር ጎተራ ነው።

ጊዜውም ይወስናል። የሀገር ገብስ ናሙና የሚለቀመው በመኸር፣ እህሉ ቆሞ ሳለ፣ ራስ በራስ ነው፤ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነት፣ አርሶ አደሩ ዘሩን የሚጠራበት ስምና የሚያውልበት ምግብ እዚያው ይጻፋል። አውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ ይህ ሁሉ ተደባልቆ አንድ ጆንያ ገብስ ብቻ ይሆናል።