ሌባ! ሌባ! የትኛው?

ጎበዝ፣ «ሌባ» የሚለውን ቃል የምንጠራበት ድምፅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንደኛው ጩኸት ነው፤ ሌላው ሹክሹክታ። ሞባይል መንትፎ አውቶብስ ተራ ላይ የሚሮጠውን ልጅ «ያዘው! ያዘው!» ብለን መንገዱን እንዘጋበታለን። ከተያዘማ ነገሩ የማይመለከተው ሁሉ እየመጣ ጥፊውን ያዋጣል፤ ሊስትሮው፣ ወያላው፣ ቢሮ የረፈደበት ባለከረባት ሳይቀር። በመንግሥት ጨረታ ሚሊዮን ያነሳውን ሰውዬ ግን ሰርግ ላይ ከፊት ወንበር እናስቀምጠዋለን። እሱን የምናማው ዙሪያችንን አይተን፣ ድምፃችንን ቀንሰን ነው። አንዳንዴም በአድናቆት!

አድናቆቱ ከየት መጣ ካላችሁ ተረታችንን እዩት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ይኼ ምክር ነው ወይስ ለወንጀል ማነሳሳት? ለኪስ አውላቂው እንዲህ ያለ ምርቃት ያዘጋጀለት ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ ቅጣት በዋናነት የሚሠራው በወንጀለኛው ላይ ሳይሆን በጨዋዎቹ ላይ ነው ብሎ ነበር። አንዱን ስንቀጣ «እኛ እንዲህ አይደለንም» ተባብለን እንተሳሰራለን ማለቱ ነው። እኔን ወዲያው ትዝ ያለኝ የጥንቱ ሌባሻይ ነው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ አለቀ። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። መንደሩ ግን «ሌባው ተገኘ» ብሎ እፎይ ይላል። (ልጁ ከደጃዝማቹ ደጅ የሚወድቅ ይመስላችኋል?)

ታዲያ ይህ የጨዋዎች ቁጣ ማንን መርጦ እንደሚያርፍ ያሳየን አሜሪካዊው ኤድዊን ሰዘርላንድ ነው። በሱ ዘመን የነበሩ ምሁራን ወንጀልን የሚያስረዱት በድህነትና በፈረሰ ትዳር ነበር። ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1939 ተነስቶ «ቆይ እስቲ፣ የምትቆጥሩት እኮ ፖሊስ የያዘውን ብቻ ነው» የሚል ክርክር አመጣ። ነጭ ኮሌታ ለብሶ የሚሰርቀውን ማን ቆጠረው? ከአሥር ዓመት በኋላ ባወጣው መጽሐፍ 70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምሮ ፍርድ ቤቶችና ኮሚሽኖች 980 ጊዜ እንደወሰኑባቸው አሳየ፤ ለያንዳንዱ በአማካይ 14 መሆኑ ነው። ለሞባይል ሌባ 14 ጊዜ የተቀጣ ስንል «ደንዳና ወንጀለኛ» እንለው ነበር። የሚያስቀው ደግሞ አሳታሚው ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም ከመጽሐፉ ማስወጣቱ ነው። ስማቸው የተጻፈበት ሙሉው መጽሐፍ የወጣው በ1983 ሲሆን፣ ሰዘርላንድ ከሞተ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። በሹክሹክታ ማማት የኛ ብቻ አለመሆኑን እዩልኝ!

«ድህነት ነው የሚያሰርቀው» የሚሉ አዛኞችም ቢሆኑ አያሳምኑኝም። ባለፎቁን ያሰረቀው የቱ ድህነት ነው? «እጁ ይቆረጥ!» ባዮችማ ጭራሽ። ጣሊያናዊው ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አለማምለጡ ነው ብሎ ጽፏል። ጨረታ የሚበላው ሰው ሕጉ ቀላል ስለሆነ አይደለም የሚደፍረው፤ እንደማይነካ ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

ኋላም ቢሆን እኩል አይደሉም። ልጁ ከእስር ሲወጣ «ሌባ» የሚለው ስም ተለጥፎበት ይቀራል፤ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ሆዋርድ ቤከር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ የተለጠፈ ስም ሰውየውን መልሶ ወደዚያው ይገፋዋል። ትልቁ ሰውዬ ግን ዕድል ጠሞበት ቢታሰር እንኳ ሲፈታ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተብሎ በግ ይታረድለታል።

«ታዲያ ሞባይል ነጣቂው ይለቀቅ?» ኧረ አልወጣኝም! ፖሊስ ይያዘው፣ ዳኛ ይፍረድበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው እንኳ ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ይህን መብት ለባለሚሊዮኑ ስንሰጥ እንዴት ሕግ አዋቂ እንደምንሆን ሰምታችኋል፤ «በማስረጃ ነው እንጂ በወሬ አይሆንም» እንላለን። ለልጁስ?

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳነሳበት ስለማን እንደማወራ ገባውና «ተው እንጂ፣ ሰውየው እኮ ለዕድራችን ድንኳን ገዝቶልናል» አለኝ። በማን ገንዘብ ነው የተገዛው ብለው ቡናውን ማማሰል ጀመረ።