ጽፈን፣ አንብበን፣ እንላክ

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በቴሌ በኩል ከመግባቱ በፊት፣ የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ ፓዲስኔት የሚባል የኮምፒዩተር መልእክት መረብ ነበር። ተጠቃሚው መስመር ሳይከፍት ይጽፋል፤ ያርማል፤ ከዚያ በሞደም ደውሎ ያስረክባል። ማዕከሉም የተጠራቀመውን በስልክ ወደ ውጭ ይልካል። የውጭ አገር ጥሪ ውድ ነበርና ቃልን መመዘን ግድ ነበር።

እኛ ሠልጣኞች ዛሬ ስልኩ በእጃችን ነው። በየክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ግን «ፈተናው ተላለፈ» የሚል ያልተጣራ ወሬ ከትምህርቱ ማስታወሻ ይቀድማል። ነገ ተማሪ ፊት የምንቆም ነን! ያላጣራነውን መናገር ዛሬ ከለመድን፣ ያኔ ማን ያርመናል? እስቲ ከመላካችን በፊት አንዴ እናንብብ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?