ምክር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ማድመጥን ይማር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የጤና ሠራተኞች በኢንተርኔት ስለሚማሩት የምክር አሰጣጥ ሙያ ያለኝን ሐሳብ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምኖር፥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማገለግል፥ እንደ ሌላውም ሰው ሁሉ የታመመ ዘመድ ይዤ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የምጠብቅ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽሮ ሜዳ አካባቢ በጉርብትና የምናውቃቸው አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ልጃቸውን በሞት ተነጠቁ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤቱም ሦስት ቀን አብሮ አለቀሰ፤ አርባውም ወጣ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን እሳቸው እህል አልቀምስ፥ እንቅልፍም አልተኛ አሉ። «ራሴን ያመኛል፤ ልቤም ይመታል» ስላሉን እኔና ባለቤቴ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ወጣቷ ነርስ የደም ግፊታቸውን በሚገባ ለካች። እናቲቱ የልጃቸውን ስም ጠርተው ማልቀስ ሲጀምሩ ግን፥ «እትዬ፥ ይበርቱ እንጂ፤ ስንት የባሰበት አለ! በእግዚአብሔር ሥራ አይገባም» ብላ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠችና ባለተራውን ጠራች። እሳቸውም እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እውነት ነው ልጄ» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሐዘናቸው ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በዚያች ወጣት ላይ አልፈርድም። ከበሩ ውጭ ብዙ ሕመምተኛ ቆሟል፤ እሷም የተናገረችው እኔና እርስዎ በየልቅሶው ቤት የምንናገረውን ነው። መርፌ መውጋትን ያስተማራት ሰው ነበር፤ ያዘነ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማትን ግን ማን አስተማራት?

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ያገኘናት ነርስ ልዩ ነበረች። እናቲቱ ባለቤቴ አብራቸው እንድትገባ ፈቅደው ስለ ነበር የሆነውን ሁሉ አይታለች። ነርሷ በሩን ዘጋች፤ ስልኳን ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ ኪሷ ከተተች፤ «ሌሊቱ እንዴት ያልፍልዎታል?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። እሳቸው ከተናገሩ በኋላም በለሆሳስ፥ «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል ብለው ያሰቡበት ጊዜ አለ?» አለቻቸው። «አዎን፤ ብዙ ጊዜ» አሉ። በአንድ ግቢ የምንኖር፥ ቡና ተጠራርተን የምንጠጣ ጎረቤቶች ይህን አናውቅም ነበር። በዚያው ዕለት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት ተላኩ፤ ዛሬ ተሽሏቸዋል፤ ቡናም ሲያፈሉ ይጠሩናል። ታሪካቸውን የጻፍኩት በራሳቸው ፈቃድ ነው።

ሙያውን የት እንዳገኘችው ነርሷን ብጠይቃት፥ መጀመሪያ በእጅ ስልኳ በኢንተርኔት እንደ ተማረች፥ በኋላም ከባልደረቦቿ ጋር አንዱ ሕመምተኛ ሌላው አማካሪ እየሆነ እንደ ተለማመደች ነገረችኝ። ይህችን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

አገራችን ምክር የማይታወቅባት አገር አይደለችም። ሽማግሌ አለን፤ የነፍስ አባት አለን፤ እድር አለን። ነገር ግን የእኛ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዝ ነው። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምንለው ተረት ጠባያችንን በደንብ ይገልጸዋል፤ እንናገራለን፤ ካልሰማን እንተወዋለን። የታመመን ሰው ግን ለመከራ መተው አይቻልም። በሕክምና ቤት ምክር ማለት ሕመምተኛው የራሱን ነገር ተናግሮ፥ ራሱም መንገዱን እንዲያይ መርዳት ነው። ስለዚህ አማካሪው አስቀድሞ የሚማረው አንደበቱን መግታት ነው። ስለ ሞት መጠየቅ ክፉ ሐሳብ ማስታወስ የሚመስላቸውም ብዙዎች ናቸው፤ የሙያው ትምህርት ግን በጥንቃቄና በግልጽ መጠየቅ ሰውን ያሳርፋል እንጂ ወደ ጥፋት እንደማይገፋ ያስረዳል።

ይህ ሙያ ለአእምሮ ሐኪሞች ብቻ የማይተወው ለምንድን ነው ቢባል፥ ሐኪሞቹ ለሕዝቡ ብዛት ስለማይበቁ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ የአእምሮ ሕክምና በጠቅላላ ሐኪሞች፥ በጤና መኮንኖችና በነርሶች ጭምር እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ፤ ኢትዮጵያም ይህን ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። በጉራጌ ዞን የተደረገና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚታከሙት ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ከአህጉራችንም ምሳሌ አለ። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በሐራሬ ከተማ 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቀ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረጉ። በ573 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ በእነዚህ ሴቶች የተመከሩት ሰዎች ጭንቀትና ድብርት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ መገኘቱን መሰከረ። ከዚህ የምንረዳው ማድመጥን ለመማር የግድ የሕክምና ዲግሪ እንደማያስፈልግ፥ ትምህርትና ተቆጣጣሪ ግን የግድ እንደሚያስፈልግ ነው።

እንግዲህ ወደ ኢንተርኔቱ እንመለስ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ስብሰባ ስለ ተከለከለ ብዙው ሥልጠና ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ዞረ። ከዚያም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ኢኩዊፕ» የተባለ፥ ምክር የሚሰጡ ሰዎችን ለማሠልጠንና ለመመዘን የሚያገለግል ነፃ የኢንተርኔት መድረክ አወጡ። ሥራው አስቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፥ ኬንያ፥ ኡጋንዳ፥ ዛምቢያ፥ ኔፓልና ፔሩ ይገኛሉ።

ይህ መድረክ ልብ ሊባል የሚገባው በአመዛዘኑ ነው። ሠልጣኙ የጽሑፍ ፈተና በማለፉ ብቻ ብቁ አይባልም። ሕመምተኛ መስሎ ከሚቀርብ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ሌላ ሰው እያየ 15 በሚሆኑ ችሎታዎች ይመዝነዋል፤ በዓይኑና በፊቱ ማድመጡን ያሳያል ወይ? ምስጢር መጠበቁን ይናገራል ወይ? የሌላውን ስሜት ያቃልላል ወይ? የመጨረሻው ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጠው ላላወቀ ሰው ሳይሆን ለሚጎዳ ሰው ነው፤ ይኸውም ለሚገሥጽ፥ ለሚፈርድ፥ ለሚያሳፍር ነው። «ስንት የባሰበት አለ» የምትለው የዘወትር ቃላችን በዚህ ሚዛን የት ላይ እንደምትወድቅ አንባቢው ይፍረድ።

የኢንተርኔት ትምህርት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነርሷ ሥራዋን ትታ ወደ ሌላ ከተማ አትሄድም፤ መንግሥትም ለአዳራሽና ለውሎ አበል ብዙ ገንዘብ አያወጣም፤ ያልገባትንም ደግማ ታየዋለች። ጉዳቱንም ግን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ትምህርቱን በአንድ መስኮት ከፍቶ፥ በሌላው ደብዳቤ እየጻፈ፥ በመጨረሻ «ቀጥል» የሚለውን እየተጫነ የምስክር ወረቀቱን የሚያወጣ ሰው በየቢሮው አለ። ወረቀቱ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ወይም ለዕድገት የሚጠቅም ከሆነ ደግሞ ፈተናው ይበረታል። ስለ ሒሳብ አያያዝ እንዲህ ቢደረግ ስሕተቱ በኦዲት ይገኛል። ያላደመጠ አማካሪ ስሕተት ግን በየትም መዝገብ አይገኝም፤ ሕመምተኛው «እውነት ነው ልጄ» ብሎ ይወጣል፤ ዳግመኛም አይመለስም።

ሁለተኛው ችግር ትምህርቱ ከሌላ አገር ኑሮ ተቀድቶ መምጣቱ ነው። ጉለሌ በዚህ ነገር የራሷ ታሪክ አላት። በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወጡ በነበረበት ዘመን፥ መድኃኒቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፥ «ወይ ጸበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጥ» የተባለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ይተው ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸው ብዙ ረድቷል። ለሕመምተኛው የቀለለው እምነቱን ሳይንቅ የሚያደምጠው ሰው ሲያገኝ ነው። በሩቅ አገር የተዘጋጀ ትምህርት ይህን ብቻውን ሊያስተምር አይችልም፤ ትምህርቱ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፥ በእኛ ኀዘንና በእኛ ቤት አነጋገር ሊዘጋጅ ይገባዋል።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ትምህርቱ በሥራ ሰዓት ውስጥ ጊዜ ይመደብለት። ነርሷ ከሌሊት ተረኝነት በኋላ በራሷ የኢንተርኔት ገንዘብ እንድትማር መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ትምህርቱም አንድ ጊዜ ተጭኖ ያለ መስመር የሚታይ ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ በየጤና ጣቢያው አራት ወይም አምስት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ተገናኝተው በተግባር ይለማመዱ፤ በወር አንድ ጊዜም የሠለጠነ ባለሙያ እያየ ያርማቸው። በክፍለ ከተማችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን የመሰለ ትልቅ የማስተማሪያ ተቋም አለ፤ የቅርቡን ሩቅ አናድርገው።

ሦስተኛ፥ የምስክር ወረቀቱ ትምህርቱን ለጨረሰ ሳይሆን ሲያነጋግር ታይቶ ለበቃ ሰው ይሰጥ።

አራተኛ፥ በር ያለው አንድ ክፍልና አሥራ አምስት ደቂቃ ይገኝ። በመጋረጃ ተከልሎ፥ ወረፋ እየጮኸ፥ ማንም ምስጢሩን አይናገርም። ክፍሉ ከሌለ የተማረችውም ነርስ እንዳልተማረችው ትሆናለች።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ክፍሉና ደቂቃው ግን የአለቆችን ውሳኔ ይጠይቃሉ። ከአንባብያን መካከል የጤና ጣቢያ ኀላፊዎች፥ የበጀትና የሰው ኀይል አስተዳደር ሹማምንት እንደሚገኙ ስለማውቅ ይህን ለእነሱ ጭምር ጻፍኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ ነገር ግን በሽታውን ለመናገር አፉን የከፈተውን ሰው ያስደበቅነው እኛ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጉለሌ