«ይህን ማን ወለደው?»

«ኢንተረስት» የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል በተማሪነቴ «ፍላጎት» ብዬ ሸመደድኳት። ባንክ ስቀጠር «ወለድ» ሆና ጠበቀችኝ። በሕግና በጋዜጣ ዓምድ ደግሞ «ጥቅም» ናት፤ «የጥቅም ግጭት» የምንለው ከእርሷ የተተረጎመ ነው። ይህን ያየ ሰው «እንግሊዝኛ ምንኛ ሰፊ ነው!» ይላል። ውድ አንባብያን፣ ስፋት መደበቂያም እንደሚሆን ግን እኔ በገዛ ምላሴ አይቻለሁ።

ጅማ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ቡናቸውን ሸጠው ከአጋሮ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት መስኮቴ ፊት ቆሙ። ገንዘባቸውን ማስቀመጥ ይሻሉ፤ ሃይማኖታቸው የከለከለውን ወለድ ግን አይሹም። «ወለድ አለው?» አሉኝ። ገንዘቡን ይዘው እንዳይመለሱ ሠጋሁና «ትንሽ ኢንተረስት ብቻ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ቃሉን አላወቁትም፤ እኔን ግን አመኑና ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ደብተራቸውን ይዘው ተመለሱ። የተጨመረችውን ገንዘብ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይህን ማን ወለደው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የእንግሊዝኛው ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ «በመካከል መሆን» ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን አራጣን ስትከለክል፣ የሕግ ሊቃውንቷ ለአበዳሪው ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ በዚህ ቃል ከአራጣ ለዩት። የእኛው «ወለድ» ግን «ወለደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የገንዘብን መራባት ሳያፍር ይናገራል። ኦሮምኛም «ዸላ» ሲል የተወለደውንም፣ የገንዘብ ወለድንም ይጠራል። የጥንት ግሪኮችም ለሁለቱ አንድ ቃል ነበራቸው፤ አርስጣጣሊስ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱን ከተፈጥሮ ውጪ ነው ብሎ ነቅፏል። ችግኝ ተክለው ፍሬውን ለማየት ሦስት አራት ዓመት የሚጠብቁት አዛውንት ግን ይህን ለማወቅ አርስጣጣሊስ አላስፈለጋቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ መመሪያ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ለእኒያ አዛውንት የሚሆን መስኮት አለ። መራራውን ነገር በባዕድ ቃል የማጣፈጥ ልማድ ግን ከእኛ አልወጣም።

የባዕድ ቃል አይግባ አልልም፤ እንጀራዬ የሆነው «ባንክ» ራሱ ባዕድ ነው። ቃል የምንዋሰው ያጣነውን ለመሙላት ከሆነ ቋንቋችን ይበለጽጋል። ያለንን ለመሸፈን ከሆነ ግን የምናታልለው ሰው አለ። ያ ሰው ፈርሟል እንጂ አልተስማማም።