ኮዱ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

አንድ ምስክር ሸንጎ ቀርቦ «የእገሌን ድምፅ ከትናንት ጀምሮ አልሰማሁም» ቢል፣ ዳኛው ተነሥቶ «እንግዲያው እገሌ ሞቷል» ብሎ አይፈርድም። ታሞ ይሆን? መንገድ ተዘግቶበት ይሆን? ወይስ የምስክሩ ጆሮ ደክሞ ይሆን? ብሎ ያጣራል። ዘመናዊ መኪና የሚያወጣው የግንኙነት ብልሽት ኮድም ከዚህ ምስክር የተለየ አይደለም። ይሁንና አንዳንድ ባለሙያዎች ኮዱን እንዳነበቡ፣ ምንም ሳያጣሩ ውድ ዕቃ ያስለውጣሉ። ይህ ልማድ ባለንብረቱን የሚጎዳ፣ ሙያውንም የሚያስንቅ ስለሆነ መታረም አለበት።

በመጀመሪያ የኮዱን አመጣጥ እንመልከት። የዛሬ መኪና ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ መሪውንና ኤርባጉን ለየብቻ የሚቆጣጠሩ በርካታ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አሉት። እያንዳንዱ ከሌላው ጋር በየራሱ ሽቦ ቢገናኝ ኖሮ የመኪናው ውስጥ በሽቦ በተሞላ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 «ካን» የሚባለውን የግንኙነት ሥርዓት አስተዋወቀ። በዚህ ሥርዓት ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ላይ ይነጋገራሉ። አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማል። ከመካከላቸው አንዱ በተወሰነለት ጊዜ መልእክቱን ሳያሰማ ሲቀር፣ ይጠብቁት የነበሩት ሌሎቹ «ከእርሱ ጋር ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል ኮድ ይመዘግባሉ። እንዲህ ያሉት ኮዶች «ዩ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራሉ። ለምሳሌ ዩ0100 ከሞተሩ ኮምፒዩተር ጋር፣ ዩ0121 ደግሞ ከኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን ኮምፒዩተር ጋር ግንኙነት መቋረጡን ያመለክታሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኮዱን የጻፈው ዝም ያለው ኮምፒዩተር ሳይሆን ዝምታውን ያስተዋለው ሌላው ነው። ስለዚህ ኮዱ ማን እንዳልተሰማ ይነግረናል፤ ለምን እንዳልተሰማ ግን አይነግረንም። ዝም ያለው በእርግጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ባትሪው ደክሞ፣ ሶኬቱ ውሃ ገብቶበት ዝጎ፣ ወይም ሽቦውን አይጥ በልታው ሊሆንም ይችላል። ፊውዝ ለመለወጥ ወይም ዝገት ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ኮምፒዩተር ግን ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ዕቃ ከመሆኑም በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ጋር እንዲስማማ እንደገና መሰናዳት ይኖርበታል።

ለማጣራት የሚያስፈልገው ዕውቀት እናንተ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከምትማሩት የራቀ አይደለም። ጠንቃቃ መካኒክ አስቀድሞ ባትሪውን ይለካል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ቀጥሎ ኮዶቹን ያስተያያል። ሁሉም አንዱን ብቻ ጠፋ ካሉ፣ ፍተሻው ከዚያው ኮምፒዩተር ፊውዝና ሽቦ ይጀምራል፤ ሁሉም እርስ በርስ ከተጠፋፉ ግን ዋናው መስመር ይጠረጠራል። በካን መስመር ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ስላሉና የተያያዙትም በፓራለል ስለሆነ፣ ድምር ሬዚስታንሳቸው 60 ኦም ነው። መካኒኩ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ፣ በብዙ መኪኖች ከመሪው በታች በሚገኘው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ 6ኛውንና 14ኛውን ቀዳዳ በመልቲሜትር ይለካል። ወደ 60 ኦም ከሆነ መስመሩ እስከ ጫፎቹ ተያይዟል። 120 ኦም ካሳየ ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ተቆርጧል። ወደ 0 ከተጠጋ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። የአንዳንድ መኪኖች አሠራር ስለሚለይ፣ የጥገና መጽሐፋቸውን ማየት ይገባል።

«መሣሪያው አይዋሽም፤ ደንበኛውም ይቸኩላል» የሚሉ አሉ። መሣሪያው በእርግጥ አልዋሸም፤ ያላለውን ብሏል ያልነው እኛ ነን። ስለ ችኮላውም ቢሆን፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ሰምታችኋል። «ኮምፒዩተሩን ለውጠን መኪናው ድኗል» የሚል ክርክርም ይነሣል። አዲሱን ለመግጠም የአሮጌው ሶኬት ተነቅሎ ሲሰካ ግን ዝገቱ ይፋቅና ግንኙነቱ ለጊዜው ይመለሳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ኮድ ተመልሶ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ጠፍቶ በሽታው ቀረ ማለት ነው። ኮዱ የፍሬኑን ኮምፒዩተር የሚመለከት ከሆነ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ጉዳዩ ወደፊት ይበልጥ እንጂ አያንስም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ መጥተዋል። በእነዚህ መኪኖች ባትሪውና ሞተሩ የሚተዳደሩት በኮምፒዩተሮች ንግግር ነው። ከእናንተ መካከል ነገ መፍቻ የሚጨብጡ አሉ፤ መኪናቸውን ለጥገና የሚሰጡም አሉ። መካኒክ የምትሆኑ፣ ሳትለኩ አትለውጡ። ባለንብረት የምትሆኑም «ኮዱ ምን አለ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «ምን ለካችሁ? ምንስ አገኛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት ለዚህም ሥራ ይሆናል።