ካርዱ ተሳስቶ ቢሆንስ?

በትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚዘወተሩት መሰናዶዎች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድርን ያህል አዳራሽ የሚሞላ ጥቂት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀ አንድ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ በዳኝነት ተቀምጠን ነበር። አዘጋጆቹ ከጥያቄ ምድቦቹ አንዱን «ህንድና ሳይንስ» ብለው ሰይመውታል። «ዜሮን ለዓለም ያበረከተች አገር ማን ናት?» «በሳይንስ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው እስያዊ ማን ነው?» «ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶች የተሰየሙት በማን ስም ነው?» ተወዳዳሪዎቹም ሳያመነቱ አከታትለው መለሱ፤ ህንድ፣ ራማን፣ ቦዝ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ቀጥሎ በመጣው ምድብ «የባሕር ውኃ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ውኃ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ነው» ስትል መለሰች። በእጃችን ያለው ካርድ ግን «የሰማይ ነጸብራቅ ስለሆነ» ይላል። እኛም ካርዱን አይተን፣ ሰዓቱንም አይተን፣ «ተሳስተሻል» አልናት። ቡድኗ በዚያች አንድ ነጥብ ተሸነፈ። ነገሩ የከነከነን ወደ ቤታችን ስንመለስ ነው። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ የተሳሳተው ካርዱና ካርዱን ያመንነው እኛ ነበርን። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ የካርዱ መልስ እንደማያስኬድ ያሳየው ሰው፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ስሙ ተጠርቶ የተጨበጨበለት ራማን ራሱ መሆኑ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. በ1921 ከእንግሊዝ አገር ወደ ህንድ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያን ባሕር ጥልቅ ሰማያዊነት ቀልቡን ሳበው። በዘመኑ ተቀባይነት የነበረው የታላቁ የፊዚክስ ሊቅ የሎርድ ሬይሊ ሐሳብ ነበር፤ ይኸውም የባሕሩ ቀለም የሰማዩ ነጸብራቅ ነው የሚል። ራማን ግን ስም ሰምቶ ዝም አላለም። ኒኮል ፕሪዝም የተባለች በኪስ የምትያዝ መሣሪያ ነበረችው። ብርሃን ከውኃ ገጽ ላይ፣ ከቁም መስመሩ 53 ዲግሪ ገደማ ባጋደለ አቅጣጫ ሲንጸባረቅ፣ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል፤ ይህም ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል። ፕሪዝሙን በተገቢው አኳኋን ያዞረ ሰው ይህን ነጸብራቅ ሊያጠፋው ይችላል። ራማን ነጸብራቁን አጠፋው፤ ባሕሩ ግን ሰማያዊነቱን አልተወም። እንግዲያው ቀለሙ የሚመጣው ከውኃው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይሁንና ራማንም የመጨረሻውን ቃል አልተናገረም። እርሱ ለሰማያዊነቱ ምክንያት ያደረገው የውኃ ሞለኪውሎች ብርሃንን መበተናቸውን ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ግን ዋነኛው ምክንያት ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀስ በቀስ መዋጡ ነው፤ መበተኑ የተረፈውን ሰማያዊ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል፤ የሰማይ ነጸብራቅም ከገጹ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ያም ሆኖ ራማን የብርሃንን መበተን ማጥናቱን ቀጠለ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት ወር 1928 በካልካታ ከባልደረባው ከክሪሽናን ጋር ሲሠራ፣ ከተበተነው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ እንደሚወጣ ደረሰበት። ብርሃኑ ለሞለኪውሉ ኃይል ይሰጣል፤ ወይም ከሞለኪውሉ ኃይል ይቀበላል። የ1930 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ህንድም ፌብሩዋሪ 28ን ብሔራዊ የሳይንስ ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። ተማሪዎቻችን የሽልማቱን ዓመት ያውቃሉ፤ ከሽልማቱ በስተጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕሪዝም ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

የዜሮውም ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። «ህንድ» የሚለው መልስ ለካርድ ይበቃል፤ ለዕውቀት ግን አይበቃም። ባቢሎናውያን ባዶ ቦታን የሚያመለክት ምልክት ነበራቸው፤ ማያዎችም በበኩላቸው የራሳቸውን አበጅተዋል። ህንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ባቀረበው ሥራው የፈጸመው ታላቅ ነገር ዜሮን እንደ ሙሉ ቁጥር ቆጥሮ የስሌት ሕግ ማውጣቱ ነው፤ አንድ ቁጥር ከራሱ ሲቀነስ ዜሮ ነው፣ በዜሮ የተባዛም ዜሮ ነው፣ እያለ። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ማለቱን ግን ዛሬ አንቀበለውም። የዜሮን ትርጉም ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያሻም። የግዕዝ አኃዞቻችን ዜሮ የላቸውም፤ አሥርም ፣ ሃያም ፣ መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ሁለት መቶ አምስትን ፪፻፭ ብሎ ለመጻፍ ዜሮ አያስፈልግም፤ 205 ብሎ ለመጻፍ ግን ያለ ዜሮ አይቻልም። ሁለት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮችን በግዕዝ አኃዝ ጽፎ ለማባዛት የሞከረ ተማሪ፣ የዜሮን ውለታ ከአሥር ካርድ በላይ ይረዳዋል።

ቦዝንም እንመልከት። ሳትየንድራ ናዝ ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1924 በዳካ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ አጭር ጽሑፍ ለአይንሽታይን ላከ፤ አይንሽታይንም ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት። የሐሳቡን ፍሬ በሁለት ሳንቲም ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ሳንቲሞች ሲወረወሩ አንዱ ዘውድ ሌላው ጎፈር የመሆናቸው ዕድል ከሁለት አንድ ነው፤ ይህ ሁኔታ በሁለት መንገድ ሊገኝ ይችላልና። የብርሃን ቅንጣቶች ግን አንዱን ከሌላው ጨርሶ መለየት ስለማይቻል ሁለቱ መንገዶች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ዕድሉም ከሦስት አንድ ይሆናል። «ቦዞን» የሚለው ስም ያዘለው ይህንን አቆጣጠር ነው።

ይህን ስንል ግን በቃል መያዝን ለማጣጣል አይደለም። ስምና ዓመት ያልያዘ አእምሮ ማሰቢያ ያጣል። አባቶቻችንም በጥያቄ መጫወትን ያውቁበታል፤ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ያደገ ልጅ፣ መልሱን ያጣ እንደሆነ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ነገር ግን የእንቆቅልሽ መልስ ሲነገር ሰሚው «ለካ ለዚህ ነው!» የሚልበት ምክንያት አብሮት አለ። ምክንያቱ የማይታይ መልስ በልጆች ዘንድ እንኳ ያጨቃጭቃል። በእኛ አዳራሽ ግን ካርዱ ካለ ጭቅጭቅ የለም፤ ጉዳቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛ ነገር ተናግሮ «ተሳስተሃል» የተባለ ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስበው ስለ ውኃው ሳይሆን ካርዱ ላይ ስላለው ነገር ነው። ይህ ልማድ ከአዳራሹ ወደ ፈተናው፣ ከፈተናውም ወደ ቤተ ሙከራው ይከተለዋል። እኛም በዩኒቨርሲቲ የመለኪያው ንባብ ከመጽሐፉ አልገጥም ሲላቸው ንባቡን ሰርዘው የመጽሐፉን ቁጥር የሚጽፉ ተማሪዎችን በየዓመቱ እናገኛለን።

ስለዚህ ለውድድር አዘጋጆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለያንዳንዱ መልስ የሚሰጠው ነጥብ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ለመልሱ፣ ግማሹ «ይህን በምን አወቅን?» ለሚለው ይሁን። ሁለተኛ፣ ካርዱ መልሱ ከየት እንደተገኘ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ተወዳዳሪ ይግባኝ የማለት መብት ይኑረው፤ ዳኛም በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» ማለትን ይልመድ። ጊዜ ይወስዳል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይወስዳል። ሠላሳ ጥያቄ በአሥራ አምስት ይተካ።

ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊዚክስና ሒሳብን ከህንዳውያን መምህራን እንደተማረ ይታወቃል፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ ከእነርሱ የመማር ዕድል ገጥሞናል። ከትምህርታቸው እስከ ዛሬ የቀረን የራማን የልደት ዘመን አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እኩልታ ጽፈው ወደ እኛ ዞር እያሉ «ለምን?» ማለታቸው ነው።

ለዚያች ልጅ ነጥቧን ልንመልስላት አንችልም፤ ውድድሩ አልፏል። ካርዱን ግን ማረም ይቻላል። እናንተም ወደ ሐይቅ የመሄድ አጋጣሚ ስታገኙ፣ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ውኃውን በመስተዋቱ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ነጸብራቁ ሲጠፋ ከሥሩ ምን እንደቀረ እዩ። ያያችሁት በካርዱ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ እጃችሁን አንሡ።