ባለቤቱ ካልጮኸ



በዚህች አገር የተማሪ ድምፅ ስለ መሬት ብዙ ተናግሯል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡትን የቀድሞ ተማሪዎች የማያወሳ የለም። ስለ ጣራ ግን ማን ተናገረ? ያው አራሽ፣ ወይም የአራሹ ልጅ፣ ከተማ ገብቶ በኪራይ ስለሚያድርበት ቤት ማን ጮኸ? ዛሬ ይህን ጥያቄ ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይዘነው እንወርዳለን።

መተማ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በዚያው የወደቁትን ንጉሠ ነገሥት ስም የያዘች የድንበር ከተማ ናት። ማዶ የሱዳኗ ገላባት አለች። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ደላላው፣ ሻይ አፍልታ የምታድረው ሴት፣ ተመድቦ የመጣው መምህር ሁሉ ማደሪያ ይሻል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በዚሁ በር ገባ። ማደሪያ ያጣ ሰው ሜዳ ያድራል። በዚያ ቆላ ሜዳ ማደር ምን እንደሚያስከትል የሕክምና ሰዎች ያውቁታል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ትናከሳለች፤ ውጭ፣ በግራር ሥር ለሚተኛው ሠራተኛም አደጋው ይበረታል። እንግዲህ የቤት ነገር የምቾት ጥያቄ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ አንድ የአጨዳ ወራት እዚያ ያሳልፍና ይመለስ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን እንግባ። ብዙዎች «ተከራይ ምን አገባው? ከፍሎ ይደር» ይላሉ። እኛ ግን ተከራይ ቤቱን በሚያስተዳድረው ማኅበርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ድምፅ ሊኖረው ይገባል እንላለን። ይህንም ከባዕድ አገር የቀዳነው ሐሳብ አይደለም፤ በራሳችን አዋጅ ተጽፎ የነበረ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች እንዲያስተዳድር የታዘዘው ማን ነበር? የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው! ዛሬ «ቀበሌ» ስንል ሹምና ማኅተም ብቻ ይታየናል፤ ስሙ ግን ማኅበር ነበር፤ ነዋሪው አባል፣ መሪዎቹም የነዋሪው ምርጦች ይሆኑ ዘንድ የታሰበ ነበር። የኪራዩም ገንዘብ ለሰፈሩ ጥቅም እንዲውል ታስቦ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 የማኅበሩ ሥልጣን ሰፋ፤ በቀይ ሽብርም ዘመን ኪራይ የሚቀበለው ቀበሌ እስር ቤትም ያዘ። የኪራይ ደረሰኝ ሊቀበል የሚሄድ ሰው እየፈራ የሚሄድበት ቤት እንደምን የእርሱ ማኅበር ይባላል? ማኅበሩ የመንግሥት ክንድ ሆነ፤ አባሉም ተገዢ ሆኖ ቀረ። ኪራዩ ለዓመታት እንደ ረከሰ ቆየ፤ ጣራው ግን አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ የሚጠይቅም ጠፋ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ርካሽ ኪራይ ያለ ድምፅ ሲሰጥ ቤቱም ይፈርሳል፣ ተከራዩም ዝም ማለትን ይለምዳል።

የግል ቤት ተከራዩስ? በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። እንግዲህ ክልሉ ስለ ከተሞቹ ሲመክር ለገንዳ ውኃና ለመተማ ዮሐንስ ተከራይ ተነሥቶ የሚናገርለት ማን ነው? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ተከራዩ በየትኛው በር ይግባ? እኛ አራት በር እናያለን።

አንደኛው ወረቀት ነው። ውል የሌለው፣ ደረሰኝ የማይቀበል ተከራይ ነገ ምስክር የለውም። የቀበሌ ቤትም ሆነ የግል ቤት፣ የተከፈለው ሁሉ ይጻፍ።

ሁለተኛው የሰፈር የተከራዮች ኮሚቴ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። አንድ ሰው ስለሚያፈስ ጣራ ቢያመለክት ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሠላሳ አባወራና እማወራ ፈርመው፣ የሚጠገነውን ቤት በተራ ዘርዝረው ቢያቀርቡ ግን መልስ አለመስጠት ያስቸግራል። በኮሚቴውም ውስጥ ሴቶች ይግቡ፤ በቤቱ ውስጥ ረጅሙን ቀን የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛው የቀበሌው ስብሰባ ነው። ሌላው የሚናገርበትን ስብሰባ ትቶ ቤቱ ተቀምጦ «አልተጠየቅሁም» ማለት አይጠቅምም። ከኪራይ ስንት ገባ? ለጥገና ስንት ወጣ? ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣ።

አራተኛው የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በኅብረት ሥራ ሕግ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ሀብታሙም ድኻውም እኩል ነው። ነገር ግን በጠቅላላ ጉባኤ የማይገኝና የኦዲት ሪፖርት የማይጠይቅ አባል ድምፁን በነጻ ሸጧል ማለት ነው።

«ሕዝባችን መደራጀት አያውቅም» የሚሉንን እናውቃቸዋለን። እድርን ማን አቋቋመው? ዳኛ መርጦ፣ ጸሐፊ ሹሞ፣ ወርኀዊ መዋጮ ሰብስቦ፣ ድንኳኑንና ሳህኑን ቆጥሮ የሚረከበው ይኸው ሕዝብ አይደለምን? ለሞተው ሰው እንዲህ የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ በሕይወት ላለው ሰው ጣራ ያንኑ ሥርዓት ቢያውለው ምን ይከለክለዋል?

«የቆላው ሰው ዛሬ መጥቶ ነገ ሂያጅ ነው» የሚሉም አሉ። ሂያጁ ቢሄድ ቤቱ ይቀራል፤ ሌላም ይገባበታል። ስለዚህ ኮሚቴው ለአጨዳ የሚመጣውን ሠራተኛ ማደሪያ ጭምር ከባለ እርሻዎቹ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል። «በዚህ የጦርነት ጊዜ ስለ ኪራይ ማውራት ቅንጦት ነው» ለሚሉም፣ የተፈናቀለ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚያድርበትን መሆኑን እናስታውሳቸዋለን።

በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓለም በጦርነት ስትነድ አከራዮች ኪራይ ጨመሩ። ሜሪ ባርበርና ጎረቤቶቿ የሆኑ የቤት እመቤቶች ጭማሪውን አንከፍልም ብለው አደሙ፤ የመርከብ ሠሪዎቹም ተባበሯቸው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ ኪራይን የሚገድብ ሕግ አወጣ። እነዚያ ሴቶች የሕግ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ተከራዮች ነበሩ።

እኛስ ተማሪዎቹ? ሕግ የምንማረው ውል እንጻፍ፣ አዋጁን በቀላል አማርኛ እናስረዳ፤ ሒሳብ አያያዝ የምንማረው የኮሚቴውን መዝገብ እንክፈት፤ ጤና የምንማረው ስለ ማደሪያና ስለ ካላዛር እናስተምር፤ መምህራኖቻችንም ይምሩን። ለዕረፍት ወደ ቆላው ስንወርድ ይህን ይዘን እንውረድ። ሊቀመንበር ሆነን ልንቀመጥ ግን አይገባንም፤ ወንበሩ የተከራዩ ነውና። በ1967 ዓ.ም. የተሰጠውን ማኅበር ያጣው ሌሎች ስለ እርሱ ሲናገሩ ዝም በማሰኘቱ ነው፤ ዳግመኛ በእኛ ስም ዝም አይበል!